ከዋርካው ሥር የተቀዳው ድምፅ

አባቴን ከአንድ ቅጂ ውስጥ ለማጥፋት ብዙ ታግያለሁ። አልጠፋም አለኝ። ዝቅ ባደርገው ይወጣል፣ በኤኮ ብሸፍነው ይወጣል፣ ወደ ግራ ብገፋው በግራ በኩል ይመጣል። ሙዚቃ መሥራት ስጀምር እንዲህ ያለ ጣጣ ይገጥምሻል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የሚነግሩኝ ሁሉ ስለ ቤዝ፣ ስለ ወፍራሙ ድምፅ ነበር።

የምሠራው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው። ዘፋኝ የለኝም፣ ባንድም የለኝም። ያለኝ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ሄድፎንና በእጅ መዳፍ የምትገባ ድምፅ መቅረጫ ናት። ከተማው ውስጥ ያገኘሁትን እቀርጻለሁ፤ ከዚያ እቆርጠዋለሁ፣ እጎትተዋለሁ፣ ሌላ ነገር አደርገዋለሁ። የባጃጅ ሞተር ሲነሣ የሚያሰማው ጉርምርምታ ፍጥነቱ ሲቀነስለት ጥሩ ቤዝ ይወጣዋል። ሐይቁ ዳር አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች መንቆራቸውን ሲያንቀጫቅጩ የሚሰማው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ከሚሸጥ ከበሮ ሁሉ ይበልጥብኛል። «ስቱዲዮ» የምላት አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከወላጆቼ ቤት ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ነው። ድምፅ እንዳይንጫጫ ብዬ ግድግዳው ላይ ያቆምኩት ፍራሽ የእናቴ የእንግዳ ፍራሽ ስለሆነ፣ ዘመድ ከገጠር በመጣ ቁጥር ስቱዲዮዬ ይፈርሳል። በቪዲዮ የሚያስተምሩት ሰዎች «በመጀመሪያ ክፍላችሁን አዘጋጁ» ብለው ይጀምራሉ። ለአፍ ቀላል ነው። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መጥተው ቢያዘጋጁልኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ጀማሪ ሳለሁ የሠራኋቸውን ሥራዎች አሁን ስሰማቸው ጥርሴን ያመኛል። ከበሮው ከቤዙ ይጣላል፣ ቤዙ ከዜማው ይጣላል፣ እኔ ደግሞ አንዱ አልሰማ ባለኝ ቁጥር እሱን ከፍ አደርጋለሁ። እሱ ከፍ ሲል ሌላው ይጠፋል፤ ሌላውን ከፍ አደርጋለሁ። መጨረሻ ላይ የሚወጣው የገበያ ጫጫታ ነው። ድምፅ እንዲሰማ ከተፈለገ መጮህ እንደሌለበት፣ ሌላው ቦታ መልቀቅ እንዳለበት ለመረዳት ቆየሁ። ድምፆች ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ በአንድ መደዳ ላይ የየራሳቸው መቀመጫ አላቸው። ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ከተቀመጡ መገፋፋት ነው። የሚቀላቅል ሰው ሥራ ማን የት እንደሚቀመጥ ማየትና የተረፈውን በቀስታ መቀነስ ነው።

ይህን ያስተማረኝ ግን ቪዲዮ አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በምንሄድበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የድምፅ አገልጋይ ነኝ። እሑድ እሑድ ከሁሉም ኋላ ድምፁ የሚቀላቀልበት ሚክሰር ፊት እቆማለሁ። መድረክ ላይ ያሉትን ሰዎች ፊት ለፊት የማየው፣ ጉባኤውን ደግሞ ከጀርባው ብቻ የማውቀው እኔ ነኝ። እኛ ዘንድ ኤኮ ይወደዳል፤ ሰባኪው «ሃሌ ሉያ» ሲል ቃሉ ጣሪያ ነክቶ ካልተመለሰ የድምፅ አገልጋይዋ ተኝታለች ይባላል። ሁሉም የሚዞረው ማይክ ሲያፏጭ ብቻ ነው። ጥሩ ሲሆን ማንም አይዞርም።

አባቴ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ስል ዕድሜውን አይደለም፤ ከመጋቢው ጋር ሆነው ጉባኤውን የሚመሩትን ነው። ማስታወቂያ የሚያነበው፣ ለታመመ የሚጸልየው፣ ያጠፋውን የሚገሥጸው እሱ ነው። ድምፁ ጎርነን ያለ ነው፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሊጀምር ሲል የሚስባት አንዲት ትንፋሽም አለችው። መሃሉ ላይ ግን በአፍንጫው በኩል የሚወጣ አንድ ጉርምርምታ አለ፤ በስፒከር ሲወጣ አዳራሹን ያደነቁራል። ስለዚህ አባቴ ማይክ በያዘ ቁጥር ጣቴ ሳላዛት ድምፁን ክፍል በክፍል ወደሚያስተካክለው ኢኩዋላይዘር ትሄድና ያችን ቦታ ትቀንሳታለች። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጥርት ይላል። ሴቶቹ ስንወጣ «የአባትሽ ድምፅ እንዴት ይጣፍጣል!» ይሉኛል፤ አሜን ብዬ አልፋለሁ።

የእኔን ሙዚቃ ግን አይወደውም። አንድ ቀን ሰርቪሷ በር ላይ ቆሞ ጥቂት አዳመጠ።

«ይሄ መዝሙር ነው ወይስ ዘፈን?» አለኝ።

«ቃል የለውም እኮ፣ አባ።»

«ቃል ከሌለው ማንን ነው የሚያመሰግነው?»

«ማንንም።»

«እንግዲያው ዘፈን ነው» ብሎ ሄደ። እኛ ቤት ዘፈን ማለት ስድብ ነው። ከኋላው ቤዙን ትንሽ ከፍ አደረግሁት።

አንድ ጓደኛ አለኝ። ባጃጅ ነጂ ነው፣ ያኔ የመዘምራን አባልም ነበር። ከኋላ ወንበሩ ሥር ትልቅ ስፒከር ስላለው፣ ጨረስኩ ያልኩትን ሥራ ሁሉ የምፈትሸው በእሱ ባጃጅ ነው። በሄድፎን ያማረ ሁሉ ውጭ አያምርም። ሞተሩ እየጮኸ፣ መንገዱ እያንገጫገጨ፣ የትራፊክ ፊሽካ እየተሰማ ከበሮዬ ካልጠፋ ሥራው ሆኗል ማለት ነው። ተሳፋሪ አፍጥጦ ሲያየኝ «የእህታችን ሥራ ነው» ይላል ጓደኛዬ፤ እኔ በኀፍረት ወደ ውጭ አያለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በፊቼ ቀን ነው። ፊቼ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ሲሆን፣ በዓሉ ሲደርስ ሕዝቡ «አይዴ ጨምበላላ» እያለ፣ እንኳን አደረሳችሁ እየተባባለ ወደ ጉዱማሌ ሜዳ ይወጣል። ወንዶቹ በረድፍ ሆነው፣ መሬቱን እየረገጡ፣ አንዱ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ ቄጣላ ያዜማሉ። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ባህል ነው ብለው ያልፉታል። የእኛዎቹ ሽማግሌዎች ግን ጠበቅ ያሉ ናቸው፤ ቄጣላ ትተነው የወጣነው የድሮ እምነት ነው ይላሉ። አባቴም እንደዚያ ይላል። የገዛ አባቱ፣ አያቴ፣ በመንደራቸው ቄጣላ የሚያወጣው ሰው እንደነበረ የነገረችኝ እናቴ ናት። እሱ ስለዚያ አያወራም።

በዚያ ቀን ጠዋት አባቴ ኮቱን ለብሶ «ሕሙማን ልንጠይቅ ነው» አለ። እኔ ደግሞ መቅረጫዬን ቦርሳዬ ውስጥ እየከተትኩ ከጓደኛዬ ጋር ሥራ አለኝ አልኩ። እናቴ ሁለታችንንም አየችና «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ለእኔ የተባለ መሰለኝ።

ጉዱማሌ ስደርስ ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ሸፈንኩና ከሜዳው ዳር ካለ አንድ ዋርካ ጀርባ ቆምኩ። ልቀዳ የመጣሁት እግር ነው። በዚያ ሁሉ ሰው እግር ስትረገጥ መሬቷ የምታወጣውን ድምፅ በየትኛውም ማሽን ሠርቼ አላገኘሁትም ነበር። ጓደኛዬ ፊት ለፊት፣ በረድፉ መሃል፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ ይዘላል፤ መደበቅ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ሰው ነው። መቅረጫዋን ከዋርካው ባላ ላይ ወደ ሕዝቡ አዙሬ፣ በቅጠል ከልዬ አስቀመጥኳት። ወዲያው አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን ሰው የመሰለችኝ ሴት በአጠገቤ አለፈች። ደነገጥኩ። መቅረጫዋን እዚያው ትቼ ራቅ ያለ ለስላሳ መሸጫ ሄጄ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ፤ ስመለስ ሰው ሁሉ ወደ ሌላው የሜዳው ጥግ ሄዷል፣ መቅረጫዋ ግን እዚያው ነበረች። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጓደኛዬን አንድ ሰው በስልክ ቀርጾት ነበር። ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ዞሮ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ደረሰ። ጠሩት፤ አልካደም። በሚቀጥለው እሑድ አባቴ መድረክ ላይ ወጣ፤ እኔ ማይኩን ከፈትኩለት፣ ጣቴም እንደ ልማዷ ያችን ጉርምርምታ ቀነሰችለት።

«ወንድማችን ከአገልግሎት ታግዷል» ብሎ አነበበ። «በጉባኤ ፊት ቆሞ ይቅርታ እስኪጠይቅና እስኪጸለይለት ድረስ በመዘምራን መካከል አይቆምም።»

ጥርት ባለ ድምፅ ተነበበ። ጓደኛዬ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ያን ቀን በሥራዬ አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ መዝፈንም መዘመርም ተወ፤ ባጃጁ ውስጥ ሬዲዮ እንኳ አይከፍትም ነበር። አንድ ቀን ባህል አዳራሽ አካባቢ አግኝቶኝ «ከዚያ ቀን የተረፈኝ አንቺ የቀዳሽው ነው። እስቲ አንድ ነገር ሥሪበት» አለኝ። እኔም ሠራሁ። እግሮቹን ለይቼ ከበሮ አደረግኋቸው። ከበስተኋላ የሚመጣውን የሕዝብ ዜማ ጎትቼ ወፍራም ጭጋግ አደረግሁት። ከሁሉም ይበልጥ ግን ለመቅረጫዋ በጣም ቀርቦ የሚያዜም አንድ ወንድ ድምፅ ነበር። አይጮህም፤ ለራሱ ነው የሚያዜመው፤ ሕዝቡ ሲቀበል እሱም በለሆሳስ ይቀበላል፣ ከዚያ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ያወጣል። አንድ መንገደኛ ዋርካው ሥር ቆሞ ነው ብዬ አሰብኩ። ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ረቂቅ ሰምቶ «ይሄ ሰውዬ ነው ሥራውን የያዘው። ከፍ አድርጊው» አለኝ።

ከፍ ከማድረጌ በፊት ላጠራው ፈለግሁ። ጀማሪ ሁሉ የሚማራት አንዲት ዘዴ አለች። የሚያስቀይመው ድምፅ የት እንዳለ ካላወቅሽ፣ ኢኩዋላይዘሩ ላይ አንዲት ጠባብ ቦታ በጣም ከፍ ታደርጊና ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ቀስ እያልሽ ትጎትቻታለሽ፤ አስቀያሚው ቦታ ላይ ስትደርሺ ራሱ ይጮህብሻል። እዚያ ላይ ትቀንሻለሽ። እኔም ሄድፎኔን አድርጌ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ውጭ ልብስ እያሰጣች፣ ቀስ እያልኩ ጎተትኩ። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ አዳራሹን ሰማሁት። ያ በአፍንጫ በኩል የሚወጣው ጉርምርምታ፣ እሑድ እሑድ ጣቴ የምትሄድበት፣ ልክ በዚያው ቦታ። ከእሱ በፊት ደግሞ ያቺ ረጅም ዓረፍተ ነገር ከመጀመሩ በፊት የሚስባት ትንፋሽ።

አባቴ ነበር። ሕሙማን ሊጠይቅ የወጣው አባቴ። እኔ ከተውኩት ዋርካ ጀርባ መጥቶ፣ እኔ እንደተደበቅሁት ተደብቆ፣ የአባቱን ዜማ ሲያዜም።

ሄድፎኑን አወለቅሁ። እናቴ «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ በመስኮቱ። «ምንም» አልኳት። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት አልነበረም፤ ደስታ ነበር። እንዲህ ሲያዜም ሰምቼው አላውቅም። ንዴቱ የመጣው ጓደኛዬ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ ትዝ ሲለኝ ነው፤ ከመጣ በኋላም አልሄደም።

እንግዲህ ሆድ ይፍጀው አልኩና ላጠፋው ተነሣሁ። ይህ ቢሰማ አባቴ ሽማግሌ ሆኖ አይቀጥልም፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ሰው ፊት የሚቆምበት ፊት አይኖረውም። ያን ጉርምርምታ ቀነስኩት፤ እሱ ሲሳሳ የሕዝቡ ዜማም አብሮ ሳሳ፣ ሁሉም የተቀመጡት እዚያው መደዳ ላይ ነውና። ኤኮ ጨመርኩበት፤ ሩቅ ሄደ እንጂ አልጠፋም። ትንፋሹን አንድ በአንድ ቆረጥኩ፤ ያለ ትንፋሽ የሚያዜም ሰው ደግሞ ያስፈራል። መጨረሻ ላይ ከሁሉም በታች ዝቅ አደረግሁትና፣ አሁን የሚያውቀው የለም ብዬ ሥራውን ለማጠንከር ኮምፕረሰሩን ከፈትኩ። ኮምፕረሰር የሚባለው ነገር ጮክ ያለውን ይጫንና ዝም ያለውን ያነሣል። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንደሚባለው፣ የቀበርኩት አባቴ ከሥር ተነሥቶ መጣ፤ ከበፊቱም በለጠ።

እንደዚያ ሆኖ ሳለ ጓደኛዬ ደወለ። ሊነግረኝ የፈለገው ነገር ነበረው። እናቱ በየቀኑ ስላለቀሱ ተሸንፏል፤ በመጪው እሑድ በጉባኤ ፊት ቆሞ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው። የሚጸልይለት አባቴ ነው። «ከዚያ በፊት ሥራሽን እንስማው፣ ልሰናበተው» አለኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ምን ብዬ?

ሐይቁ ዳር ባጃጁን አቆመና ከፈተው። እግሮቹ መጡ፣ ጭጋጉ መጣ። ጓደኛዬ በጣቱ መሪውን ይመታ ነበር። ከዚያ ያቺ ትንፋሽ መጣች፤ አንዷ ሳልቆርጣት አምልጣኛለች። ጣቱ ቆመ። ወደ ኋላ መልሶ ሰማት፤ ደግሞ ሰማት። አባቴ በዚያች ትንፋሽ ጀምሮ ስንት ዓመት ጸልዮለታል፣ ስንት ማስታወቂያ አንብቦለታል፤ እንዴት አያውቃት።

«አባትሽ ናቸው» አለ። አልጠየቀኝም።

አንገቴን ነቀነቅሁ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ስፒከሩን አጥፍቶ ወደ ሐይቁ ዞረ።

«ድምፃቸው እንዴት ያምራል» አለኝ። «እኔ ለማንም አላወራም፣ አትፍሪ። ግን እሑድ እጃቸውን ጭነው ሲጸልዩልኝ አሜን ማለት አልችልም። ከንፈሬ እንኳ እሺ አይለኝም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ?»

«እቆማለሁ። ለእናቴ ብዬ እቆማለሁ።» ሞተሩን አስነሥቶ ቤቴ አደረሰኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አባቴ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ለእሑድ ጫማውን ይቦርሽ ነበር። አጠገቡ ሄጄ ሄድፎኑን ጆሮው ላይ አደረግሁለት። «ምንድን ነው ደግሞ?» አለ፤ ነገር ግን አላወለቀም። ከፈትኩት። መጀመሪያ ፊቱ ቅጭም ያለ ነበር፤ ዘፈን እየሰማ ያለ የሽማግሌ ፊት። ከዚያ ብሩሹ ጫማው ላይ ቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ሳያውቀው ከራሱ ጋር ሊቀበል ነበር። ሄድፎኑን ላወልቅለት ፈለግሁ፣ ግን ተውኩት።

ሲያልቅ ራሱ አወለቀው።

«ማን ሰማው?»

«እሱ» አልኩት። ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

«ምን አለ?»

«ድምፃቸው እንዴት ያምራል አለ።»

ይህን ስለው ብመታው ከሚጎዳው ይልቅ የጎዳሁት መሰለኝ። መሬት መሬት እያየ «እግሬ ነው የወሰደኝ» አለ። «ዳር ቆሜ ላዳምጥ ብቻ ነበር። አባቴ የሚያወጣትን ሲያወጡ ሰማሁ። አፌ እንደተከፈተ አላወቅሁም።»

«እሱም እኮ እንደዚያው ነው፣ አባ። ልዩነቱ አንተ ከዋርካው ኋላ ነበርክ፣ እሱ ፊት ለፊት።»

 የቦረሸውን ጫማ አንሥቶ እንደገና መቦረሽ ጀመረ። ቆይቶ «አጥፊው» አለኝ።

«ሞክሬያለሁ። አንተ ስትወጣ ሌሎቹም ይወጣሉ። አይለያይም።»

«እንግዲያው ሁሉንም አጥፊው።»

ሄድፎኑን ይዤ ተነሣሁ። እናቴ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች።  ያን ቀን ምሳ ላይ የተናገረው ሬዲዮው ብቻ ነው።

እሑድ ሚክሰሩ ፊት ቆምኩ። መዘምራኑ ጨረሱ። ጓደኛዬ ተጠርቶ መድረኩ ሥር፣ ፊቱን ወደ ጉባኤው አዙሮ ቆመ። «ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። እናቱ ከፊት ወንበር ላይ እንባቸውን ይጠርጋሉ። አባቴ ማይኩን ይዞ ከመድረኩ ወረደ፤ ልማዱ ከቆመው ሰው ኋላ ሆኖ እጁን ትከሻው ላይ ጭኖ መጸለይ ነው። ከኋላው አልቆመም። ዞሮ መጣና ጎኑ ቆመ፤ እሱም ፊቱን ወደ ጉባኤው አዞረ። አዳራሹ ውስጥ ሹክሹክታ ሆነ። መጋቢው ከመድረኩ ላይ ምን ሆነ የሚል ፊት አሳዩ።

አባቴ ማይኩን ወደ አፉ አደረገ። ያችን ትንፋሽ ሰማኋት፤ እኔ ብቻ ነኝ የሰማኋት፣ በሄድፎኔ። ከዚያ ተናገረ፤ ነገር ግን የተናገረው ለራሱ ነው፣ እንደ ዋርካው ሥር። ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ማንም አልሰማም። ሰዎች እየተንጠራሩ «ምን አሉ?» ይባባላሉ። ብተወው አለቀ፤ ጸሎት ነው ይባልና ያልፋል፣ አባቴም ሽማግሌ እንደሆነ ይኖራል። እሱ ግን ከዚያ ሁሉ ጭንቅላት በላይ አሻግሮ ወደ እኔ አየ። በዚያ አዳራሽ ስሠራ አባቴ ሆን ብሎ ሲያየኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

ከፍ አደረግሁት። ስፒከሩ ሊያፏጭ ዳር ዳር አለ፤ የሚያፏጨውን ቀጭኑን ድምፅ ቀነስኩ፣ ኤኮውን ፈጽሜ ዘጋሁት። ጣቴ እንደ ልማዷ ወደዚያች ጉርምርምታ ሄደች። እጄን መለስኳት። ያቺን አልነካኋትም፤ እንዳለ ይውጣ አልኩ።

«እኔም በጉዱማሌ ነበርኩ» አለ አባቴ። ሻካራ ሆኖ፣ በአፍንጫው፣ አዳራሹን ሞልቶ ወጣ። «እኔም አዚሜያለሁ። እሱ በግልጽ ቆመ፣ እኔ ተደብቄ። የሚጸልይልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ከዚያ የሆነውን ሁሉም በየራሱ መንገድ ነው የሚያወራው። የማስታውሰው ጓደኛዬ የአባቴን እጅ እንደያዘ፣ መጋቢው ወርደው ለሁለቱም እንደጸለዩ፣ ጓደኛዬም ጮክ ብሎ አሜን እንዳለ ነው። እሱ ወደ መዘምራኑ ተመለሰ። አባቴ ከሽማግሌነቱ ወረደ። ያወረዱት በፍቅር ነው፣ ወቀሳም አልነበረበትም፤ ግን መውረድ መውረድ ነው። እናቴ ለገበያ ስትወጣ በሌላ መንገድ መዞር ጀምራለች። አንዳንድ ሴቶች ሰላም ሲሉኝ ስለ አባቴ ድምፅ ማውራት ትተዋል። የሚወቅሰኝም አለ፤ «የአባትሽን ማይክ ዘግተሽ ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?» ያለችኝ የራሴ አክስት ናት።  አንዳንድ ቀን እኔም ራሴን እንደዚያ እጠይቃለሁ።

አባቴ አሁን የሚቀመጠው ከኋላ፣ ከሚክሰሬ ፊት ባለው የመጨረሻ ወንበር ላይ ነው። ጫማው እንደ ድሮው የተቦረሸ ነው። መዝሙር ሲጀመር ከሁሉ ጋር ብድግ ይላል፣ መጽሐፉንም ይገልጣል። አይዘምርም። እቤትም እንደዚያው ነው፤ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ የሚያንጎራጉራት ነገር ነበረች፣ እሷም ቀርታለች። አንድ ጊዜ «ምነው አባ፣ ዘምር እንጂ» አልኩት። «ይመጣል» አለኝ፤ አልመጣም።

ጓደኛዬ ሥራውን አውጪው እያለ ይነተርከኛል። አላወጣሁትም። አባቴም አጥፍተሽዋል ወይ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ቅጂው ላፕቶፔ ውስጥ አለ፤ የቆረጥኳቸውን ትንፋሾች ሁሉ ወደየቦታቸው መልሻቸዋለሁ። አላጠፋሁትም፤ አባቴ የሚያዜምበት ሌላ ቦታ የለኝም።